በደመና የተከበበ ደሴት

ጎንደር ፒያሳ ላይ የስሜን ተራሮች ስም የማይታይበት ጥግ ማግኘት ያስቸግራል። ዳሸን የቢራ ስም ነው፤ የባንክም ስም ነው። ዋልያ ሌላ ቢራ ነው፤ ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት ቡና ቤት የሞላው ወጣት የሚጠራውም በዚሁ ስም ነው። ስሞቹ የመጡበት ምድር ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሄደ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ደባርቅ ይገባል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አገር በደንብ የሚያየው በእግሩ የሄደ ሰው ነው።

በሐሩር ክልል ወዳለ ደሴት ለዕረፍት መሄድ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ባሕር፣ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ነው። ዛንዚባር፣ ሲሼልስ፣ ሞሪሺየስ ትዝ ይሉናል። የባሕር በር ለሌላት አገር ሰው ይህ የሩቅ ምኞት ይመስላል። የጎንደር ሰው ግን የሐሩር ክልል ደሴት ከደጁ አለው። ስሜን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ13 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ይገኛል፤ ስለዚህ በሐሩር ክልል ውስጥ ነው። ዙሪያውን የከበበው ደግሞ ሙቀት ነው። በአንድ በኩል የተከዜ በረሃ፣ በሌላው የጠለምትና የወልቃይት ቆላ፣ ከታች ደግሞ ወይና ደጋው ያጥሩታል። በዚህ ሙቀት መሐል ብርድ ለምደው ከብርድ ውጭ መኖር የማይችሉ እንስሳትና ዕፅዋት ከጫፉ ላይ ተሰብስበዋል።

ስሜንን እንደ ተራራ ብቻ ያየ ሰው ጫፉን ወጥቶ ይመለሳል። እንደ ደሴት ያየው ሰው ግን ዋልያ ለምን ከዚህ ሌላ የትም እንደሌለ፣ ጅብራ የተባለው ግዙፍ ተክል ለምን በቆላ እንደማይበቅል፣ ይህን ምድር ማጣትስ ለምን መተኪያ የሌለው ማጣት እንደሚሆን ይገባዋል። ይህንን ከሁሉ በተሻለ የሚያስተምረው የእግር ጉዞ ነው፤ ከፍታው በሰው እርምጃ ልክ ቀስ እያለ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጠውን ሁሉ ለማየት ጊዜ ይሰጣልና።

ሁለት ደሴቶች በአንድ መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1978 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች መዘገበ። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በዓመቱ ተከተለ። በዚያው የመጀመሪያ መዝገብ ላይ ከስሜን ጋር ከሰፈሩት ሌሎች የተፈጥሮ ቅርሶች መካከል በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ይገኛሉ።

የሁለቱ ግንኙነት ከመዝገቡ በላይ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ጋላፓጎስን የጎበኘው እ.ኤ.አ. በ1835 ነበር። በየደሴቱ ያያቸው ወፎችና ኤሊዎች እርስ በርስ እየተመሳሰሉ የሚለያዩ መሆናቸው ዝርያዎች እንዴት እንደሚፈጠሩ እንዲያስብ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ተወላጅ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን እንስሳት በጽሑፍ ማሳተም ጀመረ። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በስሜን አልፎ ጎንደር ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን በ1840 በሳይንስ መዝገብ ያስገባው እሱ ነው። የአገሬው ሰው እነዚህን እንስሳት ከነጠባያቸው ከጥንት ያውቃቸዋል፤ ሩፔል ያደረገው ለቀረው ዓለም ማስተዋወቅ ነበር። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ የስሜንን ስም ይዟል።

ደሴት ሲባል ዋናው ቁም ነገር መነጠል ነው። ከዘመዶቹ የተነጠለ እንስሳ ከሌላ ጋር ሳይዳቀል በብዙ ሺህ ትውልድ ውስጥ የራሱን መልክና ጠባይ ያወጣል። በጋላፓጎስ የለየው ባሕር ነው። በስሜን የሚለየው ከፍታና ሙቀት ነው። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያሉትን ከፍተኛ ቦታዎች የሰማይ ደሴቶች ይሏቸዋል።

ባሕሩ ሙቀት ነው

አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ራስ ዳሸን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል የ16 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። አባቶቻችን ይህንን ቴርሞሜትር ሳይዙ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። ክፍፍሉ የእርሻ ዕውቀት ነው፤ ማሽላና ጤፍ የት እንደሚበቃ፣ ከየት በላይ ገብስ ብቻ እንደሚቀር፣ ከየት በላይ ገብስም ተስፋ እንደሌለው ይናገራል። የዛሬ የዕፅዋት ተመራማሪ የሚያወጣው ካርታም ከዚህ ክፍፍል ብዙ አይርቅም።

የሐሩር ክልል ተራራ ብርድ ግን ከአውሮፓ ብርድ ይለያል። በአውሮፓ ክረምት ሲገባ ወራት ይቆያል፤ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ፣ እንስሳው ጉድጓዱ ገብቶ ያሳልፈዋል። በስሜን በወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች፤ ንጋት ላይ በፓርኩ ውስጥ ያለው የግጭ ሜዳ አመዳይ ለብሶ ይታያል። እዚህ የሚኖር ፍጡር ሙቀቱንም ውርጩንም በየቀኑ መቻል አለበት፤ ከአንዱ ሸሽቶ የሚያርፍበት ወቅት የለውም።

ደሴቱ ሁልጊዜ እንዲህ ጠባብ አልነበረም። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዓለም ከዛሬው እጅግ በቀዘቀዘበት ዘመን፣ በስሜን ጫፎች ላይ ግግር በረዶ ነበር። ስሜንን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ የዚያን በረዶ አሻራ ከመረመሩት አንዱ ነው። በረዶው ድንጋይና አፈር ገፍቶ የከመራቸው ጉብታዎች ዛሬም በከፍተኛዎቹ ሸለቆዎች ይታያሉ። በዚያ ዘመን ውርጩ አገር ቁልቁል ወርዶ ሰፍቶ ነበር፤ ዛሬ የተለያዩ ተራሮች ያኔ በብርድ ሜዳ ተቀራርበው ነበር። እንስሳትና ዘሮች ከተራራ ወደ ተራራ ተሻገሩ። የቀይ ቀበሮ ቅድመ አያቶች ከአውሮፓና እስያ ተኩላ ወገን ወጥተው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የገቡት በዚያ የበረዶ ዘመን ነው ተብሎ ይታመናል። አየሩ ሲሞቅ ብርዱ ወደ ላይ አፈገፈገ፤ ብርድ ወዳዶቹም ተከትለውት ወጥተው በየጫፉ ቀሩ።

በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት 80 በመቶ ያህሉ በኢትዮጵያ ይገኛል። ይህ ሁሉ ከፍታ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ዓባይ፣ ተከዜና ስምጥ ሸለቆው ቆራርጠውታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሰማይ ደሴት የራሱ የሆነ ነገር አለው። የደጋ አጋዘን በባሌና በአካባቢው እንጂ በስሜን የለም፤ ዋልያ በስሜን እንጂ በባሌ የለም። ቀይ ቀበሮ በሁለቱም አለ፤ ግን የባሌው ከስሜኑ ጋር አይገናኝም። በዱር ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች በመላው ዓለም ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከነዚህም ግማሽ የሚበልጡት በባሌ ናቸው። በስሜን አንዱን ማየት የቻለ ተጓዥ ዕድለኛ ነው።

ደሴቱ የተሠራበት ድንጋይ

ስሜንን ያቆመው እሳት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ በተደጋጋሚ ፈሰሰ። አንዱ ጎርፍ ሲረጋ ሌላው በላዩ እየተነጠፈ ሰፊ አምባ ሆነ። በዚያ ላይ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ቆመ። ዛሬ በገደሉ ግድግዳ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚታየው ንብር የዚያ መፍሰስ ታሪክ ነው።

እሳተ ገሞራው ከጠፋ በኋላ ሥራውን ዝናብ ቀጠለው። በክረምት ወራት የሚወርደው ከባድ ዝናብ የድንጋዩን ስንጥቅ እየሰረሰረ፣ ገባር ወንዞቹም ወደ ተከዜ እየጠረጉ የሰሜኑን በኩል ቆርጠው ጣሉት። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው ገደል እንዲህ ተፈጠረ። ከስሜን የታጠበው አፈር በተከዜ ወርዶ፣ በሱዳን ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ ናይል ይገባል። ከገደሉ ማዶ የቆሙት ሹል አምባዎች ውኃው ሳይበላቸው የቀሩ የአንድ ትልቅ ተራራ ስባሪዎች ናቸው።

ገደሉ ለሰው አስቸጋሪ መሆኑ ዋልያን ጠቅሞታል። መንገደኛም ሁልጊዜ ያከብረው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው የሊማሊሞን አቀበት ነው። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ያንኑ ገደል በጠመዝማዛ የመኪና መንገድ ወረዱበት። በሊማሊሞ በኩል ቁልቁል የሚያይ ሰው ደሴቱ የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ይለካዋል።

ከሳንቃ በር እስከ ራስ ዳሸን

የእግር ጉዞው ሥርዓት ከደባርቅ ይጀምራል። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ክፍያ ይከፈላል፤ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደባል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና ባለ በቅሎ በተራ ይገኛሉ። ለጉዞ የሚመረጠው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በመስከረምና በጥቅምት መስኩ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፤ የሌሊቱ ብርድም ይጠነክራል።

በሳንቃ በር ሰፈር፣ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ፣ ተጓዡን የሚቀበለው የአስታ ደን ነው። አስታ በሌላ አገር ቁጥቋጦ የሆነ ወገን ነው፤ እዚህ ግን ዛፍ ይሆናል። ከቅርንጫፉ የሚንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ከጉም እርጥበት ይስባል። ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ ነጭ አበባ ያለው ቀጋ፣ ሲረገጥ የሚሸተው ጦስኝ በመንገዱ ዳርና ዳር ይታያሉ። ከመካከላቸው ዘመዶቻቸው በአውሮፓና በእስያ የሆኑ አሉ፤ በደቡብ አፍሪካ የሆኑም አሉ። የኢትዮጵያ ደጋ ከሁለቱም አቅጣጫ የመጡ ዘሮች የተገናኙበት ማረፊያ ነው።

ጭላዳዎችን ለማግኘት ብዙ መፈለግ አያሻም። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው ካደሩበት የድንጋይ እርከን እየወጡ ወደ ሜዳው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው በአንድ ላይ ይሰማራሉ። ቁጭ ብለው በጣቶቻቸው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ከዝንጀሮና ጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ ያደረገ ጭላዳ ብቻ ነው። የወንዱ ደረት ላይ ያለው ቀይ ሰሌዳ በመንጋው ውስጥ ያለውን ማዕረግና ጉልበት ለሌሎች ያሳያል። የጭላዳ ወገን ግን ድሮ በኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። የጠፉ ዘመዶቹ ቅሪተ አካል በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ፣ በስፔን፣ በሕንድም ተገኝቷል። አንዳንዶቹ ከዛሬው ጭላዳ እጅግ የገዘፉ ነበሩ። ያ ሁሉ ወገን አልቆ የቀረው በኢትዮጵያ ደጋ ያለው ነው። ደሴት አዲስ ዝርያ እንደሚያወጣ ሁሉ በሌላ ቦታ የጠፋውንም ያቆያል።

ከሳንቃ በር ወደ ግጭ የሚወስደው መንገድ በጅንባር ፏፏቴ ፊት ለፊት ያልፋል። ውኃው 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ አቀበቱን የወጣ ሰው የአስታው ደን እየሳሳ፣ ዛፉ እያጠረ፣ በመጨረሻም ሜዳው ለጓሳና ለጅብራ ሲለቀቅ ያያል። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ እውነተኛው ደሴት የሚጀምረው እዚህ ነው።

ጅብራን አንድ ጊዜ ያየ አይረሳውም። ከአጭር ሣር መካከል ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሰፋፊ ቅጠሎቹን በአናቱ የደረደረ ተክል ነው። በሐሩር ክልል ተራሮች ላይ እንዲህ ዓይነት ግዙፍ ተክሎች በኬንያና በኪሊማንጃሮም፣ በደቡብ አሜሪካ አንዲስም አሉ፤ ዝምድና የሌላቸው ተክሎች አንድ ዓይነት ችግር ገጥሟቸው አንድ ዓይነት መልክ ይዘዋል። የቅጠሎቹ ክምችት መሐል ያለውን ለጋ እምቡጥ ከሌሊቱ ውርጭ ይከላከላል። ጅብራ ለዓመታት ኃይል ሲያጠራቅም ይኖራል፤ ከዚያ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ የሚረዝም የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሳያብብ የተቆረጠ ጅብራ ዘር ሳይተካ የሞተ ነው።

በጓሳው ሥር ሌላ ሕይወት አለ። ምድሩ በአይጥ ጉድጓድ የተበሳሳ ነው፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖረውም በነዚህ አይጦች ነው። በመንዝ ጓሳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አስደናቂ ነገር አሳይቷል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሞከራቸው ውስጥ 67 በመቶውን ይይዛል፤ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። እንዲህ ያለው መቻቻል በረጅም ዘመን አብሮ መኖር የመጣ ነው።

ከግጭ ወደ እሜት ጎጎ የወጣ ሰው 3,926 ሜትር ላይ በሦስት በኩል ገደል ይከበዋል። ጠዋት ቆላው በደመና ሲሸፈን አምባዎቹ ብቻ ከላይ ይታያሉ፤ የሰማይ ደሴት ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ የለም። ከዚያ ወደ ጨነቅ የሚወርደው መንገድ ወደ ዋልያ ሰፈር ያደርሳል። ወንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ወፍራም ቀንድና ጥቁር ጺም አለው፤ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል። ያን አካል ይዞ ሰው ሊያየው እንኳ የሚፈራውን እርከን በዝግታ ይሻገራል። የቅርብ ዘመዱ በቀይ ባሕር ዙሪያና በመካከለኛው ምሥራቅ በረሃማ ተራሮች ይኖራል። የዋልያ አያቶች ወደ ስሜን ወጥተው፣ ቆላው ከኋላቸው ተዘግቶባቸው፣ የራሳቸውን ዝርያ ሆነዋል።

ከጨነቅ በላይ ቧሂት አለ፤ 4,430 ሜትር ገደማ። ከቧሂት ሆኖ ራስ ዳሸን ማዶ ይታያል፤ ቅርብም ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ አለ። ተጓዡ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ፣ ሙቀት ውስጥ ገብቶ፣ በገብስ ማሳና በመንደር አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ በአምቢቆ በኩል ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ለጉልበት ከባድ ነው፤ ለትምህርት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው። ጅብራው በአንድ ከፍታ ላይ ያቆማል፤ በሌላው በኩል በተመሳሳይ ከፍታ ይጀምራል። በሁለቱ መካከል አንድም የለም። ሸለቆው ለሰው የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ ለጅብራ ግን ባሕር ነው።

ራስ ዳሸን በአገራችን ከፍተኛው ቦታ ነው። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 መውጣታቸውን መዝግበዋል። ከነሱ በፊት እረኞች ስንት ጊዜ እንደወጡት የጻፈ የለም።

ሰውነት በከፍታ ላይ

የጎንደር ሰው ደገኛ ነኝ ብሎ መዘናጋት የለበትም። ከጎንደር እስከ ጨነቅ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,500 ሜትር ያህል ነው። በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 57 በመቶ ይወርዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይበዛል፤ ኩላሊትና ደም ለመላመድ ቀናት ይፈልጋሉ።

የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ሰውነቱ ገና እንዳልተላመደ ይናገራሉ። እነዚህ ምልክቶች ያሉት ሰው ከዚያ በላይ መውጣት የለበትም። ከባሱበት፣ በተለይ እርምጃው ከተንገዳገደ፣ ሐሳቡ ከተምታታ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ይኖርበታል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ የታወቀ ደንብ ነው። ደባርቅ አድሮ፣ ሳንቃ በር አድሮ፣ ግጭ አድሮ የሚሄደው የተለመደው መንገድ ከዚህ ደንብ ጋር ይስማማል። አስጎብኚዎች «ቀስ በሉ» የሚሉት ለደከመው ብቻ ሳይሆን ለጠነከረውም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታመመው ጉልበቱን ተማምኖ የሮጠው ነውና።

በግጭ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ምስር ለመብሰል ብዙ ጊዜና ብዙ ማገዶ ይፈጃሉ። ለዚህ ጉዞ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮና ድርቆሽ የሚወዳደራቸው የለም፤ ቀላል ናቸው፣ ኃይል ይሰጣሉ፣ እሳት አይፈልጉም። ቀን ባርኔጣና ረጅም እጅጌ፣ ሌሊት ወፍራም ጃኬትና ጋቢ ያስፈልጋል፤ ከፍታው ላይ የፀሐይዋ ጨረር ብርዱ ቢኖርም ቆዳ ያቃጥላል።

መሸሻ የሌለው ሕይወት

ደሴት ያቆየውን በቀላሉ ያጣል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከውጭ መጥቶ የሚተካ የለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዋልያ በአደን ተመናምኖ ከ200 በታች ሳይደርስ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገምተው ነበር። ፓርኩ የተመሠረተው በዚያ ሥጋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ጥበቃው ሠርቷል፤ ዋልያ ቀስ በቀስ አገገመ። ሆኖም የሰፈራ፣ የእርሻና የልቅ ግጦሽ ጫና ስለበረታ ዩኔስኮ በ1996 ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። የፓርኩ ወሰን ሰፋ፤ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

ይህንን ስኬት ስንቆጥር የግጭን ሰዎች መርሳት አይገባም። በትውልድ ያቆዩትን የገብስ ማሳ፣ የከብት ግጦሽና የአባቶቻቸውን መቃብር ትተው የወጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በግጭ ጓሳው ሲያድግ፣ ዋልያው ሲሰማራ ያየ ተጓዥ ያንን የከፈሉለት ቤተሰቦች እንዳሉ ማወቅ አለበት።

ከዚያ በኋላም ሰላም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሳው እሳት ጓሳና አስታ አውድሟል፤ እሳቱን ለመቆጣጠር ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያዎች መጥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ተከተለ። ቱሪስት ቀረ። ባለ በቅሎው፣ አብሳዩና አስጎብኚው ገቢያቸውን አጡ፤ ጥበቃው ላላ፤ የዋልያ ቁጥርም በእጅጉ አሽቆለቆለ። በዚህ ደሴት ላይ የሰው ሰላምና የእንስሳው ዕድሜ የተያያዙ ናቸው።

ከሁሉ ቀስ ብሎ የሚመጣው አደጋ ሙቀቱ ራሱ ነው። ዓለም ሲሞቅ ደሴቱን የከበበው የሙቀት ባሕር ከፍ ይላል፤ ብርዱም ወደ ላይ ያፈገፍጋል። ቆላ ያለ ዝርያ ሙቀት ሲበዛበት ወደ ደጋ መውጣት ይችላል። ጫፍ ላይ ያለው ግን ከዚያ በላይ መውጫ የለውም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ በዚህ ክፍለ ዘመን ውስጥ ለጅብራ የሚስማማው መሬት እጅግ ትንሽ ክፍሉ ብቻ ሊቀር እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

የደሴት እንግዳ ሥርዓት

እስካሁን ያየነው ሁሉ ለተጓዥ ግልጽ ግዴታ ይሰጠዋል። ጅብራ አንዴ ብቻ ስለሚያብብ አይቆረጥም፤ ለፎቶግራፍም አይደገፉበትም። አስታ በብርድ ምድር በዝግታ ስለሚያድግ ለእሳት አይሰበርም፤ ማብሰያ ከደባርቅ ይያዛል። ጭላዳ ዳቦ አይሰጠውም፤ የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ሣሩን ትቶ ማሳና ድንኳን ይዘርፋል፤ ከሰው በሽታም ይወስዳል። ውሻ ይዞ መግባት ክልክል መሆን ያለበት ቀይ ቀበሮን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች በሽታዎች ከውሻ ስለሚመጡ ነው። የተያዘ ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ደኅንነት ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው ግዴታ የጎንደር ነው። ስሜን ለረጅም ጊዜ የውጭ አገር ሰው የሚሄድበት ቦታ ተደርጎ ታይቷል። ይህ ሐሳብ ሁለት ጉዳት አለው። የፓርኩ ገቢ በአውሮፕላን በሚመጣ እንግዳ ላይ ብቻ ስለሚንጠለጠል፣ እንግዳው በቀረ ዓመት ጥበቃውም ይንጠለጠላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ስለ ስሜን የሚወሰነውን በቅርብ የሚከታተል፣ ሲጎዳ የሚጮህ የአገር ሰው አይበዛም። መንገዱ ሰላም ሲሆን የጎንደር ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን እስከ ሳንቃ በር ይውሰዱ፤ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መምህራን በመማሪያ መጽሐፍ ያለውን በእግር ያሳዩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ሌሊት በደጋው ላይ ይደር። ቤተሰብ ለዕረፍት ሲያስብ ደባርቅ ከሐሳቡ አይጥፋ፤ ባለ በቅሎውንና አስጎብኚውን ተገቢውን ከፍሎ ይያዝ።

ዋልያ ከስሜን ከጠፋ፣ በሌላ ተራራ የቀረ ዋልያ አምጥቶ መተካት አይቻልም፤ በሌላ ተራራ የለምና። በስሙ ቢራ የጠጣ፣ በስሙ ቡድን የደገፈ ሁሉ ይህንን ማወቅ ይኖርበታል። ማወቅ ደግሞ ከእግር ጉዞ ይጀምራል፤ ከትልልቅ ከተሞች ከጎንደር የቀረበ መነሻ ያለው የለም።